ከቅጠል ያልተነሳው ቢላዋ

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነው። ሻምበላችን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ኮረብታውን እንዲይዝ፣ እኛ ቁስለኛ አንሺዎች ደግሞ ከሦስተኛው መቶ ኋላ እንድንከተል። ሌላ ቃል አልነበረውም። ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም ነበር። እኛ «ጠፍጣፋው» እንለው ነበር፤ አናቱ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል።

ስለዚያ ኮረብታ ቦንጋ ውስጥ ሲወራ የሰማችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ። የሰማችሁት ግን ከአንድ ሰው አፍ ነው። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ድንኳን ሲያወራላችሁ የኖረው ደምሴ ነው። ደምሴ ሲያወራ አንድ ቢላዋ አልቆርጥ ይላል፣ በዚያ ሰበብ ሽፈራው የሚባል ደግ ሰው ይሞታል። ያ ቢላዋ የእኔ ነው። የሠራው አባቴ ነው። ሽፈራው የሞተው እኔ ድምፁን እየሰማሁ ነው። ስለዚህ የማውቀውን እኔም እጽፋለሁ። ጀግና ነበርኩ አልልም፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርኩ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤታችን ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጫፍ ላይ ነበር። የእኛን ዓይነት ቤተሰብ አገሩ በምን ዓይን እንደሚያይ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ አለማወቃችሁ ደስ ይለኛል፤ የሚጠሩንን ስም እኔ አላስተምራችሁም። አንድ ነገር ግን ልናገር፤ እሱን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሰው ሁሉ ቢላዋውንና ማጭዱን ከአባቴ ይገዛ ነበር። ከእጁ ግን አይቀበልም። አባቴ የሠራውን በኮባ ቅጠል ላይ ያስቀምጥና ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፤ ገዢው ቀርቦ ከቅጠሉ ላይ ያነሳል። ከቅጠል የተነሳ ብረት ንጹሕ ነው። ቤት ይገባል፣ ሥጋ ይቆርጣል፣ የሕፃን እትብት ይቆርጣል። ከእጅ ወደ እጅ የተሰጠ ብረት ግን የእኛው እንደሆነ ይቀራል፤ የነካውን ሁሉ እንደ እኛ ያደርጋል። አዲሱ መንግሥት ሲገባ ካድሬዎች እየመጡ «ሁላችሁም እኩል ናችሁ» እያሉ ስብሰባ ያደርጉ ነበር። በስብሰባው ሞቅ አድርጎ ያጨበጨበው ሰው በማግስቱ ቅጠሉን ይዞ ይመጣ ነበር።

የሰሜኑ ድንበር ጦርነት ሲነሳ እኔ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። ተመዘገብኩ። አባቴ አልከለከለኝም። ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ቢላዋ ልሥራልሽ። ምን ትቆርጪበታለሽ?»

«ልብስ እቀድበታለሁ። ጫማ እቀድበታለሁ። የቆሰለውን ሰው ግን እንዳልወጋው።»

ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ ሠራው። እጄን አስዘርግቶ በጣቶቼ ለካ። ስለቱ ከመሐል ጣቴ ትንሽ የሚረዝም፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ ጫፉ እንደ ምላስ ክብ የሆነ፣ በጫማና በቆዳ መካከል ገብቶ እንዲንሸራተት። ታጣፊ እንዲሆን ጠይቄው ነበር፤ ኪስ ውስጥ ይመቻል ብዬ። «ታጣፊ በቸኮልሽ ሰዓት ጣትሽ ላይ ይታጠፋል» ብሎ እምቢ አለ። ብረቱ ሳይቀጠል እስከ እጀታው መጨረሻ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ወይራ አልብሶ በምስማር ቸነከረው።

ከዚያ ፈተና ጀመረ። ውሃ ውስጥ ያደረ የእንሰት ቃጫ ለስለት ክፉ ነገር ነው፤ ይሸሻል፣ ይጠመዘዛል፣ ዱልዱም ቢላዋ ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። የአባቴ ቢላዋ ቆረጠው። ቀጥሎ የደረቀ ቀርከሃ አመጣና አንጓ አንጓውን ይመታበት ጀመር። ስለቱ ተሸረፈ። አባቴ ምንም ሳይናገር መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው። ቀኑን ሙሉ ሲያግል፣ ዘይት ውስጥ ሲያጠልቅ፣ እንደገና በቀስታ ሲያሞቅ ዋለ። በማግስቱ ያንኑ ቀርከሃ እጁ እስኪዝል መታበት፤ አልተሸረፈም። በግንድ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ በደረቱ ተጫነው፤ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ሳይስለው ወደ ርጥቡ ቃጫ ተመለሰ። ቆረጠ።

«አዲስ ሆኖማ ሁሉም ይቆርጣል» አለኝ። «የምፈልገው ሲደክመው የሚቆርጠውን ነው።»

አፎቱ ውስጥ ትርፍ የቃጫ ክር ጠቅልሎ ጨመረልኝና ቢላዋውን ሰጠኝ። ቅጠል አልነበረም፤ ከእጁ ወደ እጄ ነው የሰጠኝ። ደምሴ ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር፤ የእናቱን ማጭድ ሊወስድ መጥቶ ቅጠሉ እስኪነጠፍለት ይጠብቃል። እሱም ተመዝግቦ ስለነበር አብረን ነው የምንዘምተው። አባቴ ሲሰጠኝ አየ። ማየቱን እኔም አየሁ።

ግንባር ላይ ስንደርስ ለወራት ምሽግ ውስጥ ተቀመጥን። ከካፋ ለሄደ ሰው ያ አገር ጉድ ነው። ዝናብ የለም፤ ዛፉ እሾህ ብቻ ነው፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይንቋቋል። የመቷችን፣ የሦስተኛው መቶ መሪ፣ መቶ አለቃ ካሳሁን የሚባል ቀልደኛ ወሎዬ ነበር። ቃሬዛውን ከእኔ ጋር የሚይዘው ሽፈራው ነው። ሽፈራው የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ በእኛው ካፋ፣ ደካ ላይ አስተማሪ ነበር፤ ከዚያው ነው የዘመተው። የአገራችንን ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ ጥቂት ይናገራል፤ በአነጋገሩ እኔና ደምሴ ሳንወድ እንስቃለን። ሁሉም «ቲቸር» ይለዋል።

አንድ ረፋድ ላይ መቶ አለቃ ካሳሁን ቢላዋውን ወገቤ ላይ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው ወርቄ? ሽንኩርት ልትከትፊልን ነው?»

«ጫማ መቅደጃ ነው፣ መቶ አለቃ።»

«ጫፉንስ ምን በላው?»

«እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቁስለኛ እንዳይወጋ።»

«ከትጥቅ ውጭ ነው፤ ልቀማሽ ይገባ ነበር።» አገላብጦ አየው። «እንፈትነው። ከሳንጃ ከበለጠ ያዥው። ካልበለጠ ለወጥ ቤት ነው።»

ሥራ ፈትተን ስለነበር ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። በመጀመሪያ የቃሬዛ ማሰሪያ ውሃ ተነክሮ መጣ። ሳንጃው እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እየተባለ ቆረጠው። የእኔ አንድ ጊዜ ስስበው ለሁለት ሆነ። ቀጥሎ የግራር ቅርንጫፍ መጣ። ሳንጃው በሦስት ምት ጣለው፤ የእኔ ቢላዋ ትንሽ ስለሆነ ነጥሮ ተመለሰ። «አንድ ለአንድ!» ብሎ መቶ አለቃ ጮኸ። በሦስተኛው የጠመንጃ ዘይት መዳፌ ላይ አፈሰሰብኝ። «ደም እንዲህ ነው። አሁን ቁረጪ» አለኝ። ስስበው እጀታው እጄ ውስጥ ዞረ። ሰው ሳቀ። እሱ ልክ ነበር፤ ወይራው ለስልሷል፣ አባቴም ይህን አላሰበውም። ከዚያ ግን አፎቱ ውስጥ ያለው ቃጫ ትዝ አለኝ። እጀታውን ጠምጥሜ አሰርኩና ዘይቱን ራሴ እንደገና አፈሰስኩ። አልዞረም።

የቀረው ጫማ ነው። የተጣለ ጥንድ ከስክስ ተገኘ።

«ባዶ ጫማማ ማንም ይቀዳል» አለ ሽፈራው። «እግር ያለበት ይሁን።» ተቀምጦ ሁለቱንም አጠለቃቸው። በግራው መቶ አለቃ በሳንጃ ገባ። ገና ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ሽፈራው ጮኸ።

«ኧረ መቶ አለቃ! እኔ እኮ ጠላት አይደለሁም!»

ቀኙን ለእኔ ዘረጋልኝ። «ወርቄ፣ አምስት ጣት ቆጥሬ ነው የሰጠሁሽ። አምስት ትመልሺልኛለሽ።»

ክቡን ጫፍ በካልሲውና በቆዳው መካከል አስገባሁና ሳብኩ። ከአፉ እስከ ጣቱ ተከፈተ። ሽፈራው ጣቶቹን እያወዛወዘ በአስተማሪ ድምፅ ቆጠረ፤ ሌሎቹም እንደ ተማሪ እየተከተሉት ቆጠሩ።

መቶ አለቃ ደስ ብሎት ዞር አለ። «ደምሴ፣ አንተ ደግሞ ና፤ ያንተ እግር ወፍራም ነው።»

«እኔን ተዉኝ።»

«ፈራህ እንዴ?»

«አልፈራሁም። የሷን ቢላዋ አካሌን አላስነካም።»

«እንደ ሙሽራ አፈረ!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ደምሴ ግን ወደ እኔ ዞሮ በአገራችን ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። ያለኝን አልጽፈውም። ከሳቁት መካከል የገባው ሰው አልነበረም፤ ከሽፈራው በቀር። ሽፈራው ደካ ላይ ኖሯል፤ ቅጠሉን ያውቃል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳቦ ሲታደል ሽፈራው ድርሻውን ይዞ አጠገቤ መጣ። «በቢላዋሽ ቁረጪልኝ» አለኝ። ቆረጥኩለት። ከደምሴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ድምፅ እያሰማ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ዳቦ በእኔ ቢላዋ ይቆረጥ ነበር፤ ደምሴ ኮቾሮውን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በጥርሱ እየሰበረ ለብቻው ይበላል።

«ደምሴ» አለው ሽፈራው አንድ ቀን። «ክፍል ውስጥ እንዳንተ ያለ ተማሪ ሲገጥመኝ ምን አደርግ ነበር መሰለህ? ከሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጠው ነበር።»

«ቲቸር፣ ያገራችንን ነገር ለእኛ ተወው» አለ ደምሴ። ቁጣ አልነበረበትም። የለመደውን ነገር ነው የተናገረው።

አሁን ወደ ጠፍጣፋው ልመለስ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነቃነቅን። መሐንዲሶች ፈንጂ አጽድተው በነጭ ድንጋይ ምልክት ባደረጉበት መስመር፣ አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ ሄድን። ጎህ ሲቀድ መድፋችን ጀመረ። ከዚያ የእነሱ መለሰ። ፀሐይ ስትወጣ ሦስተኛው መቶ የመጀመሪያውን ምሽግ ሰብሮ ገባ። ቁስለኛ መውረድ ጀመረ። ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን። ሸሚዝ ቀደድኩ። ሱሪ ቀደድኩ። ደረት ያነቀ ዝናር ቆረጥኩ። ጫማም ቀደድኩ። የማን እንደነበር ሁሉንም አላስታውስም። ቢላዋው ደም ሲጠጣ የቃጫው ጥምጥም ይጠብቃል፤ እሱን አስታውሳለሁ።

ረፋድ ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ። ሰው ኮረብታ ሲያዝ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ምሽጉን የቆፈሩት እነሱ ናቸው፤ እያንዳንዷን ርቀት ያውቃሉ። ሞርታር ይዘንብ ጀመር። ከምሥራቅ በኩል መትረየስ አለ፤ የምሽጉ ግንብ በፈረሰበት ቦታ ሁሉ ይተኩሳል።

«ደምሴ ተመታ!» የሚል ድምፅ መጣ።

እኔና ሽፈራው ቃሬዛውን እየጎተትን፣ የፈረሰውን ቦታ በደረታችን ተስበን አለፍን። ደምሴ የነበረበት ምሽግ ጣራው ወርዷል። ግራ እግሩ ከትልቅ ግንድ ሥር ነው። ጭኑ ላይ ፍንጣሪ ገብቶ ይደማል። ጭኑን አሰርኩ። ግንዱን ለሁለት ሆነን ብንገፋው አልነቃነቅ አለ። እጄን በግንዱ ሥር አስገብቼ ስዳስስ የተያዘው ጫማው ነው፤ እግሩ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ጫማው ከተቀደደ እግሩ ይወጣል።

ቢላዋውን አወጣሁ። ደምሴ አየውና በሁለት እጁ የእጄን አንጓ ያዘ።

«በሱ አይሆንም።»

«ደምሴ፣ ልቀቀኝ።»

«በሱ አይሆንም አልኩ! ሳንጃ አምጡ።»

ሽፈራው በተሰባበረ ካፊኖኖው ለመነው። ደምሴ መለሰለት፤ በአማርኛ ነው የመለሰለት፣ እኔም እንድሰማ ይሆናል።

«ቲቸር፣ አንተ ትሄዳለህ። እኔ ቤቴ እመለሳለሁ። እናቴ ከደጅ አታስገባኝም።»

እጄን ላስለቅቀው ሞከርኩ። ሲታገለኝ ያሰርኩት ፋሻ ቀላ። ሽፈራው ትከሻዬን ያዘኝ።

«ተይው ወርቄ። በታገልሽው ቁጥር ደሙ ይወጣል። እኔ አመጣለሁ።»

እኛ ቃሬዛ ስለያዝን ጠመንጃችንን ታች ትተን ነበር። የደምሴ ጠመንጃ ፍርስራሹ ውስጥ ነው። ሳንጃ ያለው ከፈረሰው ቦታ ወዲያ፣ ከወደቁት ልጆች ጠመንጃ ላይ ነበር። ሽፈራው በደረቱ ተስቦ ሄደ። ማለፉን ሰማሁ። ብረት ከብረት ሲላቀቅ ሰማሁ። «አገኘሁ!» ሲል ሰማሁ። ከዚያ መትረየሱ ተኮሰ፤ አጭር ተኩስ ነው።

«ሽፈራው!» አልኩ። ደግሜ ጠራሁት።

ደምሴም ጆሮ አለው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ።

«ቁረጪ» አለኝ። ዓይኔን አላየም።

ጫፉን በካልሲውና በቆዳው መካከል አስገባሁ። የጫማው ቆዳ በደም ርሷል። ቢላዋው ከንጋት ጀምሮ ሲቆርጥ የዋለ ነው፤ መሳያ ድንጋይ አላየም። የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። ሳብኩ። ከአፉ እስከ ጣቱ ተከፈተ። እግሩን አወጣሁ። አምስቱም ጣት ነበረ።

መትረየሱ ፋታ ሲሰጥ መቶ አለቃ ካሳሁን ደረሰልኝና ደምሴን አንስተን ወረድን። ሽፈራው ያለበት ስንደርስ ቆመ። ሳንጃው ከሽፈራው እጅ አልወደቀም ነበር።

«ሳንጃ ምን ያደርግለታል? ያንቺ ቢላዋስ?»

«ኋላ እናገራለሁ፣ መቶ አለቃ።»

ኋላ የሚባል አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ቦታውን መልሰው ሲያጠቁ መቶ አለቃ ካሳሁን ወደቀ።

ከሳምንታት በኋላ ክፍሉ ወደ ኋላ ተስቦ ግምገማ ተቀመጥን። ደምሴ ከሆስፒታል በምርኩዝ መጥቶ ነበር። ሰብሳቢው ሽፈራው እንዴት እንደሞተ ጠየቀ። ደምሴ ተነሳ።

«የወርቅነሽ ቢላዋ አልቆርጥ አለ። ሽፈራው ሳንጃ ሊያመጣ ሄዶ ተመታ።»

አንዱ ልጅ «እኛ ስንፈትነው እኮ ይቆርጥ ነበር» አለ። ሰብሳቢው «ፈተናና ውጊያ አንድ አይደለም» ብሎ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ። ከትጥቅ ውጭ የሆነ መሣሪያ ለምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። የደምሴን ቃል ለማፍረስ ከየክልሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ስለ ቅጠሉ ማስረዳት ነበረብኝ። ካስረዳሁ በኋላ እያንዳንዳቸው ቢላዋውን ያያሉ፣ እጄን ያያሉ፣ የበሉትን ዳቦ ያስታውሳሉ። ምንም ላይመስላቸው ይችል ነበር። ያን ዓይን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ድረስ ተከትሎኝ እንዲመጣ አልፈለግሁም። የዲሲፕሊን ጉድለት ተብሎ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ።

ቦንጋ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የአባቴ ብረት ግንባር ላይ ከዳ ተብሏል። ገዢ እየሳሳ ሄደ፤ ሰው ከገበያ የፋብሪካ ቢላዋ መግዛት ጀመረ። አባቴ አንድ ቀን ቢላዋውን ከወገቤ ወሰደና ሳይስለው እንዳለ በርጥብ ቃጫ ሞከረው።

«ይቆርጣል» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

አልነገርኩትም። እውነቱን ብነግረው ሌላ ነገር ይሰማል፤ ያን ዕለት ቅጠል ቢያነጥፍ ኖሮ ሽፈራው አይሞትም ነበር የሚል። ይህን ተሸክሞ ከሚኖር ብረቱን ቢጠራጠር ይሻላል አልኩ። ሲጠራጠር ሞተ። ይህን ለደምሴ አልረሳለትም።

ዓመታት አለፉ። እድሮች እኛንም መቀበል ጀመሩ፤ ሕጉም አስገደዳቸው፣ አዲሱ ትውልድም ተሻለ። እኔም ገባሁ። ከዚያ ደምሴ የእድራችን ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። በማግስቱ ወጣሁ። ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ባለሱቁ ጋሽ ወልዴ፣ ከሶዶ መጥተው ቦንጋ ላይ ያረጁ ሰው፣ ቀድመው ተናገሩ።

«እትዬ ወርቄ፣ ሰው እንዴት ከእድር ይወጣል? ነገ ማን ሊቀብርዎት ነው?»

«ደምሴ ስለ ቢላዋዬ የተናገረውን ካስተባበለ እመለሳለሁ።»

«ቢላዋ?» ጋሽ ወልዴ ሳቁ። «እኛ የመሬት ነገር መስሎን!»

ከደምሴ ጋር ሊያገናኙን በቀጠሩን ቀን ጠዋት አሮጌ ከስክስ ይዤ እድሩ አዳራሽ ገባሁ። ውሃ ውስጥ አሳድሬው ያንጠባጥባል። ደምሴ መጥቷል፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ጫማውን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«አጥልቀው።»

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«አልቆርጥ አለ ብለሃል። ሰው ባለበት ይፈተን።»

ቢላዋውን ከአፎቱ አወጣሁ። አወቀው። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፣ ወደ በሩ አየ። እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢ ካለ ግን ለምን ተብሎ ይጠየቃል። የሶዶ፣ የጅማ፣ የሸዋ ሰው ተቀምጧል፤ የገዛ ልጁ አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። ያኔ በግምገማው እኔ ልናገረው ያልቻልኩትን ነገር ዛሬ እሱ ሊናገረው አልቻለም።

ጫማውን አውልቆ ከስክሱን አጠለቀ።

ተንበረከክሁ። እጄ ያኔ እንደነበረው አይደለም። ጫፉን አስገባሁና ሳብኩ። ከአፉ እስከ ጣቱ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ «ወቸ ጉድ!» አሉ። የደምሴ እግር ወለሉ ላይ ባዶውን ቀረ።

«ቆርጧል» አለ ደምሴ።

አልረዳሁትም።

«ያኔም ቆርጧል።»

«ታዲያ ልጁ ለምን ሞተ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ደምሴ የተቀደደውን ከስክስ በእግሩ ገፋ አደረገ። «እጇን እኔ ያዝኩት» አለ። «ሳንጃ ካልመጣ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለምን እንደያዘ ማንም አልጠየቀውም። የአገሩ ሰዎች መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ቢላዋውን ፈልጎ ነው። ጠረጴዛ ነበር፣ ወለልም ነበር፤ ላስቀምጥለት እችል ነበር። እጁ እንደተዘረጋ ትንሽ አቆየሁት። ከዚያ እጀታውን አዙሬ መዳፉ ላይ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። የቃጫውን ጥምጥም በአውራ ጣቱ ዳሰሰና መልሶ ሰጠኝ፤ እሱም ከእጁ ወደ እጄ።

ሽማግሌዎቹ «በሉ ተሳሳሙ» አሉን። እኔ ቢላዋውን እያደረቅሁ ነበር። ወደ እድሩ ተመልሻለሁ። ከደምሴ ጋር ግን ሰላምታ እንጂ ሌላ የለንም። ታሪኩን በሰልፍ ላይ ማውራት ትቷል ይሉኛል። የትላንቱን ወሬ የሰሙ ግን አሁንም አሉ፤ ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ስምንት ቁስለኛ አንሺዎች ነበርን ወደ ጠፍጣፋው የወጣነው። አራቱ እዚያው ቀሩ። የጎጃሙ ዓለሙ በመጀመሪያው መድፍ፣ የጅማው ከድር ቃሬዛ እንደያዘ፣ የወላይታው ጴጥሮስ ውሃ ለቁስለኛ ሲያቀብል፣ ሽፈራው ሳንጃ ይዞ ሲመለስ። ከቁስለኛ አንሺዎች ውጭ መቶ አለቃ ካሳሁንን እጨምራለሁ፤ ቢላዋውን እንድይዝ የፈቀደልኝ እሱ ነውና። ኮረብታውን ኋላ ለቀን ወረድን። ዛሬ ማን እንደያዘው አላውቅም፤ ሣር እንኳ የማያበቅል ቦታ ነበር።

ሽፈራው ደካ ላይ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ የልጆች እናትና አባት ሆነዋል። ይህ ጽሑፍ እጃቸው ከገባ፣ መምህራቸው የሞተው ቢላዋው ስለዶለዶመ እንዳልሆነ ይወቁ።

ቢላዋው እኔ ዘንድ ነው። ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኗል፣ ወይራው ጠቁሯል። መፈተን የሚፈልግ ካለ ርጥብ ቃጫውን ይዞ ይምጣ። ቅጠል ግን አላነጥፍም።